የቀማሿ ኪሎ

በወንዙ ዳር በተዘረጋው፣ ሃያ ሁለት በር፣ በየበሩም አንድ ቤተሰብ ባለው ረጅም ቤት ውስጥ ኢንዳይ ሱላው ያልቀመሰችው ድስት ከምድጃ አይወርድም ነበር። ኢንዳይ ማለት እናት፣ አፓይ ማለት አባት ነው፤ በአገሩ ወግ ወላጅ የሚጠራው በበኩር ልጁ ስም ነው። እሷ «ጨው ጎደለው» ካለች ይጨመራል፤ «በቃ» ካለች ይወርዳል። ከዚህ የበለጠ ሹመት በዚያ ቤት ነበረ ለማለት ያስቸግራል።

ስኳር በሽታ ሲገኝባት ጤና ጣቢያው በየሳምንቱ የሚወጋ፣ ስኳርንም ክብደትንም የሚቀንስ መርፌ አዘዘላት። ወጣቱ ዶክተር ቴኦ ዕድሜዋን፣ ክብደቷንና በሽታው የቆየበትን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ላይ አስገብቶ፣ «እርስዎማ ኪሎ በደንብ ከሚቀንሱት ወገን ነዎት» ሲል ተነበየ።

ጎረቤቷ አፓይ ሳንጋው ይህን በጋራው በረንዳ ላይ ሲሰማ ሳቀ። «ኮምፒዩተሩ እሷ ስትበላ አይቷት ያውቃል? እሷ ከከሳች ይህን ወንዝ ጠጥቼ እጨርሰዋለሁ!»

መርፌው የእግሯን ቁስል እንዲደርቅ ረዳው፤ ለወራት ያነከሰችው ሴት ቀጥ ብላ መራመድ ጀመረች። ኪሎዋ ግን ንቅንቅ አላለም።

«መድኃኒቱ ጥቂት ነው» አላት ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ። «ከመኸሩ በዓል በኋላም ካልቀነሱ ለሌላ ታካሚ ይተላለፋል። ለመሆኑ ምን ይመገባሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ ምግብ አስጠልቶኛል! ዛሬ እህል በአፌ አልዞረም።»

አልዋሸችም። መቅመስን ከመብላት የሚቆጥር ሰው በዚያ ቤት አልተወለደም። መርፌውን የማጣቱ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳት፤ ዶክተሩ እንዲራራላት ብላም ለበዓሉ ጋበዘችው።

እሱም ከኋላዋ እየተከተለ በር ለበር ዞረ። በመጀመሪያው በር የአሳማ ጮማ ቀመሰች፤ እርግጠኛ ለመሆንም ደገመች። በሁለተኛው በቀርከሃ የበሰለ ዶሮ፣ በሦስተኛው ዓሣ።

«ከጠዋት ጀምሮ ምን በሉ?» አለ ዶክተሩ።

«ምንም!» አለች አፏን እየጠረገች።

አምስተኛው በር ላይ ዶክተሩ ቀበቶውን አላልቶ «እኔን ይብቃኝ» ሲል ሴቶቹ በአንድነት ጮኹ።

«ፑኒ ነው፣ እርግማን! የቀረበለትን እምቢ ያለ ሰው አዞ ነው የሚበላው!»

«ሆስፒታልም አያድንህም፣ ዶክተር!»

ዶክተሩ ደንግጦ በላ። ዘጠነኛው በር ላይ ግድግዳውን ተደግፎ እያቃሰተ፣ «ኢንዳይ ሱላው፣ ለካ ኮምፒዩተሩ የበሮቹን ነገር አልጠየቀኝም» አለ። «ይህ ፑኒ መውጫ የለውም?»

«ከፑኒ ለማምለጥማ ምግቡን በጣት ነካ አድርጎ ከንፈርን መንካት ይበቃል» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ታዲያ እርስዎ ለምን አይነኩም?»

ኢንዳይ ሱላው ተቆጣች። «በጣቴ ነክቼ ጨዉ ልክ ነው ልበል? ቀማሽ እኮ ነኝ!»

ከዚያ የዳነ እግሯን ተመለከተች፤ በእጇ የያዘችውን ማንኪያም ተመለከተች። ማንኪያውንም ዘርግታ፣ «ለኢንዳይ ሬንጋ ስጧት» አለች። ኢንዳይ ሬንጋ ያንን ማንኪያ ለዓመታት ስትመኝ የኖረች ሴት ናት፤ የገዛ ባሏ እንኳ ወጧን ውኃ ሳያዘጋጅ አይጀምርም።

የመመዘኛው ቀን ኢንዳይ ሱላው በጀልባ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳ ስትመዘን አራት ኪሎ ቀንሳ ተገኘች። ዶክተሩ ትንቢቱ በመድረሱ ሊዘል ጥቂት ቀረው፤ መርፌውም እንደሚቀጥል ነገራት። ወዲያው ግን አፓይ ሳንጋው የሰፋው ሱሪው እንዳይወርድ በእጁ ይዞ ገባ፤ ከኋላውም ግማሹ ረጅም ቤት።

«የምትወጋው እሷ፣ የምንከሳው እኛ!» አለ። «ያቺ አዲሷ ቀማሽ ጨዉን በእፍኝ ነው የምትለካው። እባክህ ዶክተር፣ ማንኪያውን ለኢንዳይ ሱላው መልስልንና መርፌውን ለኢንዳይ ሬንጋ እዘዝላት!»

ኢንዳይ ሱላው ከሚዛኑ ወርዳ ጫማዋን አጠለቀች።

«ውኃ አብዝታችሁ ጠጡ» አለቻቸው፤ ቀድማቸውም ወደ ጀልባው ወረደች።