ቀዩ በርሜል

ሳህሊቱ የማትጸየፈው ነገር የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ውሃ አስነክቶ ለሌላው የሚቀዳ ሻይ ቤት፣ ምራቁን በጣቱ እየነካ ብር የሚቆጥር ገንዘብ ያዥ፣ አፍንጫውን ጠርጎ በዚያው እጁ ሰላም የሚል ደንበኛ፣ ሁሉም ያንገሸግሿታል። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ወላይታ ሶዶ ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ የነበሩ ሰው ናቸው። እሷም ገና በልጅነቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሬት ላይ ካየች ሳትለቅም አታልፍም ነበር። ስታድግ ይተዋታል ተባለ፤ የት ይተዋታል! ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ረድኤትን ድራ፣ በአንድ የከብት አርቢዎች ማኅበር የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሆና ስትቀጠር ባልደረቦቿ «ሳሙና» የሚል ስም አወጡላት። ስትገባ «ሳሙና መጣች፣ ጫማችሁን ጥረጉ» ይላሉ። እሷም «እናንተን የሚያጠራ ሳሙና ገና አልተሠራም» ብላቸው ታልፋለች።

ማኅበሩ ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከፊት ቢሮ፣ ከጎኑ የመኖ መጋዘን፣ ከኋላ ከብት የሚታከምበት ክሊኒክ አለ። ከክሊኒኩ ጀርባ ደግሞ ያ ጉድጓድ። አቤት ያ ጉድጓድ! የቢሮ ወረቀት በሉት፣ ባዶ ሃይላንድ በሉት፣ የምሳ ትርፍራፊ፣ የላም እንግዴ ልጅ፣ ደም የነካው ጓንት፣ መርፌ፣ የተሰበረ ብልቃጥ፣ ሁሉም አንድ ላይ እዚያ ይደፋል። ዘበኛው አቶ አድነው አልፎ አልፎ ጋዝ አርከፍክፈው ይለኩሱታል፤ እርጥብ ነውና አይነድም፣ ይጨሳል እንጂ። ጭሱ ቢሮ ድረስ ገብቶ ልብስ ላይ ይተኛል። ውሻ የጎተተው አንጀት በር ላይ አድሮ ሠራተኛው ሁሉ በላዩ ተራምዶ ይገባና፣ ምንም እንዳላየ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። ምን ዓይነት ዓይን ቢሰጣቸው ነው ጎበዝ?

ያንን ሁሉ ጉድ በማዳበሪያ እየሞላች፣ በጀርባዋ ተሸክማ የምትደፋው ቦሼ ነበረች። ቦሼ የጉኑኖ ገበሬ ልጅ ናት። የልጆች እናት፣ ጊዜያዊ የጽዳት ሠራተኛ፣ አማርኛዋ ወላይትኛ ወላይትኛ የሚል ሳቂታ ሴት። አንድ ቀን ከማዳበሪያው ውስጥ መርፌ ወጥቶ መዳፏን ወጋት። እጇ አብጦ፣ ትኩሳት ጥሏት ሰነበተች። ሳህሊቱ ልትጠይቃት ቤቷ ሄዳ ያንን እጅ አየችው። የተማረ ሰው ተጠቅሞ የወረወረው መርፌ በድሃ ሴት መዳፍ ውስጥ መግል ቋጥሮ ተቀምጧል። ቋቅ አላት። የቦሼን እጅ ተጸይፋ አልነበረም፤ የተጸየፈቻቸው እነዚያን ጓንት ለብሰው የሚወጉትንና የሚወረውሩትን ነው።

«ሁለተኛ እጅሽ እዚያ ውስጥ አይገባም» አለቻት። «እኔ እያለሁ አይገባም፣ ሰማሽ?»

ጊዜው የካይዘን ጊዜ ነበር። አንድ ለአምስት ተደራጁ፣ ገምግሙ፣ ተገማገሙ የሚባልበት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብተየስ ደግሞ እንደ ስብሰባ የሚወዱት ነገር የለም። ሳህሊቱ ቆሻሻው በየዓይነቱ ይለይ ብላ ስትናገር ቀድመው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። ክዳን ያላቸው ትልልቅ የፕላስቲክ በርሜሎች ተገዙና ቀለም ተቀቡ። አረንጓዴው ለምግብ ትርፍራፊና ለቅጠል ሆነ፤ ኮምፖስት ሆኖ የመኖ ሣሩ ማሳ ላይ ይበተናል። ቢጫው ለወረቀት፣ ሰማያዊው ለፕላስቲክ፤ ይህን ቆራሌው መጥቶ ይወስደዋል። ቀዩ ለመርፌና ለስለት ብቻ ነው። ሲሞላ ሳይነካ ይታሸግና ሆስፒታል ሄዶ ይቃጠላል።

መጀመሪያ ላይ ፀጉሯን አስነጯት። የሙዝ ልጣጭ ቢጫው ውስጥ፣ የሲጋራ ቁራጭ አረንጓዴው ውስጥ። አንዱ የእንስሳት ሐኪም ጭራሽ የተላጨበትን ምላጭ ከዳቦ ፍርፋሪ ጋር ጣለው። ሳህሊቱ በምሳ ሰዓት በርሜሎቹ አጠገብ ቆማ፣ «ዓይንህ ምን ሆነ? ቢጫ ነው እኮ!» እያለች ዲግሪ ያለውንም የሌለውንም አሸማቀቀች። በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ አትሞ የጣለ ሰው ጀርባውን ሳይጠቀም ሌላ ወረቀት አያገኝም አለች። ተሳደቡ፣ አሽሟጠጡ፣ ግን ለመዱት። ጉድጓዱ ተደፈነ። ውሾቹ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ለቦሼ ወፍራም ጓንት ተገዛላት፤ እንዳይሰረቅም ሳህሊቱ ቁምሳጥኗ ውስጥ እየቆለፈች፣ ጠዋት አውጥታ ትሰጣታለች። ቦሼም አንድ ቀን ምሳዋን ስትበላ እጇን አሸተት አድርጋ ሳቀች፤ «እትዬ፣ አሁን እጄ የእኔ ነው» አለቻት። ሳህሊቱ በዚያ ቀን የተሰማት ደስታ ልጇን በዳረች ቀን ከተሰማት አያንስም።

ከሐዋሳ ድረስ ልምድ ሊቀስሙ የመጡ እንግዶች ነበሩ። አቶ ሀብተየስ ቀዩን በርሜል ተደግፈው ፎቶ ተነሡ። መርፌ የሞላውን በርሜል፣ እንደ ገዛ ወንድማቸው ትከሻ!

ጥር ገባ። የሳህሊቱ አጎት ገሱባ ላይ አረፉና ለቅሶ ሄደች። እዚያ ሰንብታ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ አቧራ ለብሳ የተመለሰችው በአቶ ሀብተየስ ልጅ ሠርግ ዕለት ነበር። ካልሄድኩ ተቀይማ ነው እባላለሁ ብላ፣ ታጥባ ለብሳ በቀጥታ ሠርጉ ቤት ገባች።

እንግዲህ እዚህ አገር ሠርግና ለቅሶ ከመጣ የመሥሪያ ቤት ዕቃ የሰው ሁሉ ነው። ወንበሩ ይወጣል፣ ድንኳኑ ይወጣል፣ የሠራተኞች ክበብ ድስት ይወጣል። እምቢ ያለ ሰው ክፉ ተብሎ ዕድሜ ልኩን ይነሣል። ሳህሊቱም ራሷ ስንት ጊዜ ፈርማ ወንበር አስወጥታለች፤ ደግም ነገር ነው። ግን ሰው በርሜሎቹንም ዕቃ ብሎ ይቆጥራቸዋል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

ቦርዴ ቀዱላት። ወፈር ያለ፣ ደህና የበሰለ የበቆሎ ቦርዴ ነበር፤ የመንገዱ ጥማትም ስለነበር ጨለጠችው። ሁለተኛውን እየጠጣች ወደ ቀጂዋ ዞር ስትል በርሜሉን አየች። ቀለሙ ተፍቋል። ከንፈሩ ዙሪያና መያዣው ሥር ግን ቀይ ቀርቷል። እጇ ላይ ያለው ቦርዴ ቀዘቀዘባት። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

አቶ ሀብተየስ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ሄዳ ጎንበስ አለችና «ጋሼ፣ ያ በርሜል ቀዩ በርሜል ነው?» አለቻቸው።

«አዎ የእኛ ነው። ምነው?»

«የመርፌው እኮ ነው!»

«በኦሞ ታጥቧል፣ በፈላ ውሃ ታጥቧል። ወይ ሳሙና፣ በሠርጌ ቀን እንኳ አትተዪኝም?» ብለው ሳቁ። በዙሪያቸው ያሉትም እሳቸው ስለሳቁ ሳቁ። ከዚያም ጣሳቸውን አንሥተው፣ እያየቻቸው፣ ጭልጥ አደረጉት። አፋቸውን በእጃቸው ጠርገው ደግሞ አገሱ። ሳህሊቱ በሕይወቷ ብዙ አስቀያሚ ነገር አይታለች፤ እንደዚያ ሰውዬ አፍ ያስጠላት ግን የለም።

«ማነው ያጠበው?» አለች።

«ቦሼ ናታ! ከእሷ ሌላ ማን ያውቅበታል?»

ሳህሊቱ በድንኳኑ ጀርባ ዞረች። ቦሼ የዕቃ ክምር ፊት ቁጢጥ ብላ ሳህን ታጥባለች። ቀኝ እጇ በነጠላ ቁራጭ ተጠምጥሟል፤ ጨርቁ ርሷል፣ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

«ቦሼ፣ ሞልቶ አልነበረም እንዴ? መርፌዎቹን ምን አደረግሽ?»

«ለቀምኳቸው። ብገለብጠው ልጆች ይረግጡታል ብዬ።»

«በእጅሽ? ጓንቱስ?»

«አንቺ ቁምሳጥን ውስጥ ነው እትዬ። ቁልፉን ይዘሽ ለቅሶ ሄደሽ።» ቦሼ እጇን ወደ ጀርባዋ ሸሸገች። «ትንሽ ነው የወጋኝ። እንዳታዝኚ ብዬ ልነግርሽ አልፈለግሁም።»

ሳህሊቱ ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሶዶ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ተመልሳ ድንኳን ውስጥ ገባች፣ ቀጂዋን ገፋ አደረገች፣ በርሜሉን በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው። ቦርዴው በሽማግሌዎቹ ጫማ መካከል ፈሰሰ። ሴቶቹ ጮኹ፤ የሙሽራዋ እናት «ሠርጌን አረከሰችብኝ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። «የረከሰውስ ቀድሞ ነው! መርፌ የተጣለበት በርሜል ነው፣ ያጠጡህ የመርፌ እጣቢ ነው፣ አገሬ!» አለች ሳህሊቱ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አቶ ሀብተየስ ብድግ ብለው ነበር፤ ምን እንዳሉ ግን ከጩኸቱ የተነሣ የሰማ የለም።

ቦሼን በደህናው ክንዷ ይዛ አወጣቻትና ባጃጅ ላይ ጫነቻት። ሆስፒታል በለኝ አለችው ነጂውን። ጥቂት እንደሄዱ የቦሼ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳህሊቱ እጇ አሟት መስሏት «አይዞሽ፣ ደርሰናል፣ ያክሙሻል» አለቻት።

«እጄ አይደለም» አለች ቦሼ። «ሥራ አስኪያጁ በርሜሉን ካጠብሽ ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ ብሎኝ ነበር። ምነው እትዬ፣ ዝም ብለሽ ብትጠጪው?»

ሳህሊቱ ባጃጁን አስቆመችና ወርዳ መንገድ ዳር አስመለሳት። ቦሼም ወርዳ፣ እያለቀሰች፣ በዚያ በተጠመጠመ እጇ ግንባሯን ደግፋ ያዘችላት።