ንጹሑን ሌንስ ሻግቷል ያልኩ ዕለት

በዚያ ጠዋት ፎቶ ቤቴ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። ጋሽ ሰኢድ ከባንኮኒው ፊት ቆመው ነበር፤ ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አሳርፈው። ልጃቸው ዘይነባ ከኋላቸው፣ ከበሩ መቃን አጠገብ፣ የአባቷን ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። እኔ ደግሞ በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃን በሚገባበት ቦታ፣ ሌንሱን በጣቶቼ ይዤ ነበር። አራተኛ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ያደረግሁትን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አብረውኝ የነበሩት ሁለቱም አያውቁም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን፣ ከጎረቤት መቀያየሜን እየነገርኩ ይህን ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ነው። በሚያውቀኝ ሰው ፊት ለመናገር ድፍረት አጥቻለሁ።

ጋሽ ሰኢድ አዲስ ዓለም ሰፈር ተወልደው ያደጉ የጎንደር ሰው ናቸው። ቤተሰባቸው ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ ነው፤ እሳቸው ግን ጨርቅ መሸጡን ለወንድሞቻቸው ትተው ፎቶ አንሺ ሆኑ። ባለቤቴን ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ሲሞት ፎቶ ቤቱን ልዘጋው ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታ ነበር እንጂ ካሜራ ይዤ አላውቅም። ጋሽ ሰኢድ መጥተው "ቁልፉን አምጪ" አሉኝ። ራሳቸው ከፈቱት። የባለቤቴን ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት።

"አፍንጫውን ተይው፤ ጆሮውንም ተይው። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ እስኪለይ ድረስ ቀለበቱን አዙሪ" ይሉኝ ነበር። ስሳሳት ደግሞ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አቅንተው፣ "ያነሣሽው ሰውዬውን ነው ወይስ ኮቱን?" ብለው ይስቁብኛል። እንጀራዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ያስቀደምኩት ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁ ነው።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ዲጂታል ካሜራ ጎንደር ውስጥ በዛ። ታናሽ ወንድሜ ከዱባይ አንድ አመጣልኝ። አብሮት የመጣው ሌንስ ግን ዓመት ሳይሞላው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ፤ ሌላ የምገዛበት አቅም አልነበረኝም። እንዲያ ግራ ገብቶኝ ሳለ ወደ ደባርቅ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ቱሪስት ባትሪ ሊሞላ ፎቶ ቤቴ ገባ። ካሜራው አዲስ ነው። ከፊቱ የተገጠመው ሌንስ ግን እንደ ባለቤቴ ሌንስ ያለ አሮጌ፣ ብረት የለበሰ፣ በእጅ እየተዞረ የሚስተካከል የሩሲያ ሌንስ ነበር። አዲሱንና አሮጌውን የሚያገናኘውን ቀለበት ፈትቶ አሳየኝ።

በማግሥቱ የተሰበረውን ሌንስና የባለቤቴን ሌንስ ይዤ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለቶርኖው የተሰበረውን የኋላ ብረት ፈትቶ ለአሮጌው የሚሆን ጥርስ አወጣለትና አጋጠማቸው። "እትዬ፣ ፎቶ ካላነሣልዎት የበር እጀታ ያድርጉት" አለኝ። አነሣ። የሩቁን ተራራ አጥርቶ አይዝም ነበር፤ የሰው ፊት ግን ከአዲሱ ሌንስ ይልቅ ለስላሳና ሕይወት ያለው ሆኖ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ልቤ ያረፈው በጋሽ ሰኢድ ሌንስ ላይ ነው። ደርግ ሲወድቅ አንድ የጦሩ ፎቶ አንሺ የሸጠላቸው ነው። በላዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር "ሰማንያ አምስቱ" ይሉታል። ከባድ ነው፤ አፉ እንደ ሻይ ብርጭቆ ሰፊ ነው። የሰውን ፊት ከጀርባው ካለው ሁሉ ለይቶ ያወጣዋል። ያን ሌንስ ለዲጂታሉ ፈለግሁት። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ "ስሞት ትወስጂዋለሽ" አሉኝ። በሁለተኛው "ምነው ሙሉ፣ ሞቴን አቻኮልሽው?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከአንጀቴ ግን አልነበረም።

ያን ጠዋት ሌንሱን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ።

"እስኪ በአንቺ ዓይን እዪልኝ" አሉ። "ከወር ወዲህ ከግራ በኩል ጭጋግ አያለሁ። ፎከስ ሳደርግ የሰውየው ትከሻ ይጠፋብኛል። ሌላው ሌንሴ ድሮም የሻገተ ነው፤ በሱ ላመሳክር አልችልም።"

ዘይነባ ከበሩ ሆና፣ "ሌንሱ አይደለም እትዬ ሙሉ፤ ዓይኑ ነው" አለች። "ትናንት ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ነው የቀዳው።"

"ብርጭቆውን ያሸሸሽው አንቺ ነሻ!"

"እኔ ጓዳ ነበርኩ አባ።"

"እንግዲያው ድመቷ ናት።"

"ይሄው! ሐኪም ቤት ሲባል እንዲህ ይሆናል። ለነገ ቀጠሮ ይዤለታለሁ።"

ጋሽ ሰኢድ ወደ እኔ ዞሩ። "ስሚኝ ሙሉ፤ ከዚህች ልጅ ጋር ተስማምተናል። ሌንሱ ደህና ነው ካልሽ ዓይኔ ነው፤ ነገ ሳላጉረመርም እሄድላታለሁ። ሌንሱ ከተበላሸ ደግሞ ትተወኛለች። ፍርዱን ላንቺ ሰጥተናል።"

ይህን ሰማሁ። ልብ በሉልኝ፤ ሰማሁ። አልሰማሁም ብዬ ልጽፍላችሁ እችል ነበር፤ የሚያጋልጠኝ የለም። የምወስነው ስለ ሌንስ ብቻ እንዳልነበረ አውቄዋለሁ።

ሌንሱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። የብርሃን መግቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከፊትም ከኋላም አየሁት፤ ወደ ሰማዩ አቅንቼ አዘነበልኩት። አንድ የሻጋታ ክር፣ አንድ ነጥብ አልነበረበትም። ሁለቱ ከጀርባዬ ይጠብቃሉ። እኔ ያን ጊዜ ምን አሰብኩ? ስለ ሽማግሌው ዓይን አሰብኩ? አላሰብኩም። ያሰብኩት፣ ደህና ነው ካልኩ ሌንሱ በመሐረቡ ተጠቅልሎ ተመልሶ ይሄዳል፣ የሚለውን ነው።

"ሻግቷል" አልኩ።

በዚህም አልበቃኝም። ኮሶዬ ተራራው ላይ ጉም ውስጥ ይዘውት የወጡ ጊዜ እርጥበት ገብቶበት ይሆናል ብዬ ጨመርኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩ።

የጋሽ ሰኢድ ፊት በራ። ንብረቱ ተበላሸ ሲባል እንዲያ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። "አልሐምዱሊላህ! እኔስ ዓይኔ መስሎኝ ነበር" አሉ። ለካ እንደዚያ ሲቀልዱ የነበሩት ፈርተው ነው። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "አላልኩሽም? በይ እንግዲህ፣ ቀጠሮሽን ራስሽ ሂጂበት" አሏት።

ዘይነባ እኔን አየችኝ። "እርግጠኛ ነዎት እትዬ?"

"እርግጠኛ ነኝ" አልኳት።

አንዴ ስዋሽ አምልጦኝ ነው ልል እችል ይሆናል። ሁለተኛውስ? ልጅቱ እኮ በሩን ከፍታልኝ ነበር። ትንሽ ላጣራ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብል ማን ይወቅሰኝ ነበር? እርግጠኛ ነኝ አልኩ።

ሌንሱን ዘረጋሁላቸው። "የሻገተ ብርጭቆ ምን ያደርግልኛል? ውሰጂው። ያ ባለቶርኖሽ ያድነው እንደሆነ" አሉና እየሳቁ ወጡ። ዘይነባ ተከተለቻቸው።

በሌንሱ ስሜ ተጠራ። ሙሽሮች ከእንፍራንዝም ከደባርቅም ይመጡልኝ ጀመር። ኮሶዬ ገደሉ አፋፍ ላይ አቁሜ አነሣቸዋለሁ። ከጀርባቸው ጉሙና ሸለቆው ይሟሟል፤ የሙሽራዋ ዓይን ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሰው እጅሽ ሸጋ ነው ሲለኝ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ሰኢድ መጡና አንዱን ፎቶ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። "ሰማንያ አምስቱ ነው" አሉ፤ አወቁት። "ሻጋታውን ምን አደረግሽው?" አሉኝ። አዲስ አበባ የሚያጸዳ ሰው አገኘሁ አልኩ። "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። ይህ ሦስተኛው ውሸቴ ነው።

እሳቸው በዚያ ድሮም በሻገተው በሌላው ሌንሳቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ። ጭጋጉ ሲብስባቸው በሌንሱ ያሳብቡ ነበር። ጭጋጉ የሌንስ እንደሆነ አምነዋል፤ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩበትን ቀን ሁሉ መጻፍ አልችልም። አንዱን ልንገራችሁ። የዘመዳቸው ልጅ ሠርግ ላይ ፎቶ የማነሣው እኔ ነበርኩ። ጋሽ ሰኢድ ከፊት ተቀምጠዋል። የሙሽራው አጎት በግራቸው መጥቶ እጁን ለሰላምታ ዘረጋላቸው። አላዩትም። ሰውየው እጁን እንደዘረጋ ትንሽ ቆመና ፊቱን አጥቁሮ ሄደ። "ሰኢድ ኮርቷል" ሲል ሰማሁት። እኔ ግን ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። በዚያች ደቂቃ እዚያው የነበረችውን ዘይነባን ወደ ጥግ ጠርቼ ነገ ሐኪም ቤት ውሰጂያቸው ብላት ኖሮ? ስለ ሌንሱ መናገር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ውሸቴን ሳልገልጥ ጋሽ ሰኢድን ማዳን እችል ነበር። ካሜራዬን ወደ ሙሽሮቹ አዞርኩ።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይቶ ጋሽ ሰኢድ ከገዛ ደጃቸው ደረጃ ወደቁ። ያን ጊዜ ዘይነባ ጎትታ ወሰደቻቸው። ስትመለስ በፎቶ ቤቴ በኩል አለፈችና ሐኪሙ ያለውን ነገረችኝ። በዓይናቸው ውስጥ ያለው ግፊት በርትቶ ነርቩን ገድሎታል። የሞተው አይመለስም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይም። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን በጠብታ ብቻ ይያዝ ነበር። "በጠብታ እኮ ነው እትዬ" አለችኝ። እግዚአብሔር ያውቃል አልኳት። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ተደበቅሁበት።

አሁን ጋሽ ሰኢድ አያዩም። ምንም አያዩም። እኔም ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። ሌንሱን ጣልሽው ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልጣልኩትም። ለረጅም ጊዜ ሠርቼበታለሁ፤ አሁንም እሠራበታለሁ። ንስሐ የገባ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እንዲያው መጸጸቴን ነው የምወደው ወይስ እውነት ተጸጽቻለሁ? አላውቅም። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል ብዬ አላሳዝናችሁም፤ እተኛለሁ። ጠዋት ስነሣ፣ ዓይኔን ስገልጥ፣ መስኮቱን ሳይ ነው የሚብሰኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ይቅር ልትሉኝ አትችሉም፤ የጠፋው ዓይን የእናንተ አይደለም። መበለት ነበርኩ፣ ልጆች ነበሩኝ፣ ሥራው ይጠፋብኝ ነበር ብዬም አልከራከርም። የባለቤቴ ሌንስ ያበላኝ ነበር። ያንን ሌንስ የፈለግሁት ስለተመኘሁት ብቻ ነው።

ባለፈው ጾም ልነግራቸው ቆርጬ አዲስ ዓለም ሄድኩ። ጋሽ ሰኢድን ጎረቤት እጃቸውን ይዞ መስጊድ ወስዷቸዋል። ዘይነባ ብቻዋን የአባቷን ጀለቢያ ትተኩሳለች። ጸጉሯ ሸብቷል። አባቷን ማን ይጠብቅ ብላ ሳታገባ ቀርታለች። ወንበር ሰጠችኝና ካውያውን አቆመች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"እትዬ ሙሉ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ስለ ጠብታው ሐኪሙ ያለውን ለአባቴ አልነገርኩትም። አላህ የጻፈው ነው ይላል፤ ተቀብሎታል። እኔ ግን አልሆነልኝም። ያን ቀን ቀጠሮ ይዤ ነበር። ሌንሱ ሻግቷል ሲባል ተውኩት። ሌንሱ ቢሻግት ዓይኑስ አብሮ ሊታመም አይችልም ነበር? ሻዩን ሲያፈስ አይቼው የለም? ይህን ማሰብ እንዴት አቃተኝ? እርስዎ ያዩትን ነገሩን፤ እርስዎ ምን አጠፉ። የአባቴን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

አላለቀሰችም። ይህን ለብዙ ዓመት ለራሷ ስትለው እንደኖረች ከአነጋገሯ ያስታውቅ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። የምላትን ትጠብቃለች። ሌንሱ ንጹሕ ነበር ማለት ሦስት ቃል ነው። ሦስቱም አፌ ላይ ነበሩ።

ነጠላዬን አጣፋሁና ተነሥቼ ወጣሁ።