የሺ ለዶክተሩ ያለችው

ባለፈው ሳምንት ከዓለም ባንክ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ ሰሞኑን ድካም እንደጣላት፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት እንዳቃታት ታወራለች።

"ቅዳሜ አንድ ግሉኮስ እሰካና ይለቀኛል" አለች።

"ሳትታመሚ?"

"ምን ችግር አለው? ጨውና ውኃ አይደል። ፊትም ያጠራል ይላሉ።"

በሰው ወሬ መግባት አልወድም፤ ግን ዞርኩ። "የኔ ልጅ፣ ማን ነው የሚሰካልሽ?" አልኳት።

"ጓደኛዬ ነርስ ናት እማማ። ቤት ድረስ መጥታ ነው የምትሰካልኝ።"

ልቧን፣ ኩላሊቷን፣ ግፊቷን ታይታ እንደሆነ ጠየቅኳት። ደህና መሆኗን ነገረችኝ። "ደህና ከሆንሽማ ውኃ በአፍሽ ይበቃሻል፤ ድካሙን ደግሞ ሐኪም ይይልሽ" ብዬ ወደ ፊቴ ተመለስኩ። ልጅቷ በትሕትና "እሺ" አለችኝ፤ እንደማትሰማኝ ግን ከድምፅዋ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ መውረጃዬን አለፍኩት።

የወሰደኝ "ጓደኛዬ" የሚለው ቃል ነው። የእኔዋ ጓደኛ የሺ ትባል ነበር። እናቷ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይተው ስለሚኖሩ አብረን ነው ያደግነው። አባቴ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው አየር ጤና ላይ ሳፋ፣ ባልዲና ገመድ የሚሸጡበት ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ሲመጡ በኪሳቸው የሚይዙት ቆሎ ለእኔና ለየሺ እኩል ነበር የሚከፈለው። እሷም እንደ እኔ "አባባ" ነበር የምትላቸው። ነርሲንግ ስትገባ የሳሎናችንን ጠረጴዛ ለቀቁላት፤ እኛ ስንንጫጫ "ልጅቷ ታጥናበት" ብለው ይቆጡናል። የተመረቀች ቀን ካባዋን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው። አባባ ካባውን እንደለበሱ ፎቶ ተነሱ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ፎቶ ላይ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

የአባባ ልብ መድከሙ የታወቀው በዚያው ዓመት ነው። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፤ ማታ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ የላስቲኩ ቦታ እግራቸው ላይ ሰርጉዶ ይታያል። ሆስፒታል ይዛቸው የሄደችው የሺ ነበረች። ሐኪሙ ያላቸውን ሁሉ ለእኛ ያስረዳችንም እሷ ናት።

"ልባቸው ደሙን እንደ በፊቱ መግፋት አቅቶታል" አለችን። "ለዚህ ነው ውኃ የሚያጠራቅሙትና የሚያብጡት። ጨው ደግሞ ውኃ ይይዛል። ስለዚህ ጨው መቀነስ፣ የምታሸናዋን ኪኒን ደግሞ ያለ ሐኪም ፈቃድ አለማቋረጥ ነው።"

ከዚያ ወዲህ የሺ እናቴን ወጥ ላይ ጨው ስትጨምር ካየቻት እጇን ይዛ ታስቆማታለች። አባባ አልጫውን እየቀመሱ "ይህቺ ልጅ አፌን ገደለችው" እያሉ ያሾፉ ነበር። ይህን የማነሳው በከንቱ አይደለም። የሺ ሕመማቸውን ታውቅ ነበር። ከሁላችንም የበለጠ የምታውቀው እሷ ነበረች።

መስቀል ሲደርስ እናቴ ታናናሾቼን ይዛ አገር ቤት ወረደች። አባባ መንገዱ ይጎዳቸዋል ተብሎ ከተማ ቀሩ፣ እኔም እሳቸውን ላስታምም ቀረሁ። መስቀልን ከአገራቸው ርቀው ሲውሉ የመጀመሪያቸው ነበር። ያኔ በመስቀል ሰሞን ሰፈራችን ጭር ይል ነበር፤ ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ መንገዱ ላይ የሚታየው ጣሪያው ላይ ዕቃ የተቆለለበት አውቶቡስ ብቻ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው መድረቅ ጀምሯል፤ ከኋላችን ያለው ባዶ ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። አባባ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው የሚያልፉትን አውቶቡሶች ሲያዩ ይውላሉ። የትኛው ወደየት እንደሚሄድ ሳይጠየቁ ይናገራሉ።

በመስቀል ማግስት ከተማ የቀረ አንድ ዘመዳችን ቤቱ ጠርቷቸው ሄዱ። ክትፎው፣ አይቡ፣ ቆጮው እንደ አገር ቤት እንደነበር እያወሩ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። ሲነጋ ግን ሆዳቸው ተበጠበጠ። ተቅማጡና ትውከቱ እየተፈራረቀ ረፋዱ ላይ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ከንፈራቸው ደርቆ አገኘኋቸው። የሺ ሥራ ወደ ጀመረችበት ክሊኒክ ሮጬ ነገርኳት።

"አምጪያቸው" አለችኝ። "እኔ አለሁ አይደል?"

ክሊኒኩ ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ነበር። አባባን ደግፌ ደረጃውን አወጣኋቸው። እዚያ ቤት ደክሞት የመጣ ሰው ሁሉ ግሉኮስ ሳይሰቀልለት አይወጣም ነበር፤ በእኛ ሰፈር በክንድ የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ ስሙ ግሉኮስ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰፈርተኛውም ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለውም። የሺ ክንዳቸው ላይ መርፌውን በአንድ ጊዜ አስገባች፤ እጇ ቀላል ነበር።

"ምንድን ነው?" አሏት አባባ።

"ሳላይን ይባላል። ጨውና ውኃ ነው፣ ከሰውነትዎ የወጣውን ይተካል።"

"ወጥ ውስጥ የከለከልሽኝን ጨው በክንዴ ልትሰጪኝ ነው?"

የሺ ሳቀች። "ይሄ ሌላ ነው አባባ። ደግሞ ቀስ አድርጌ ነው የምሰጥዎ።"

የመጀመሪያውን እንዳለችው ቀስ አድርጋ ሰጠቻቸው። በየመሐሉ እየመጣች ደረታቸውን በማዳመጫ ታዳምጣለች፣ ግፊታቸውን ትለካለች። የአባባ ዓይን ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሻይ አማራቸው፤ ሱቁ ዛሬም ተዘግቶ መዋሉ ቆጫቸው። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ የምተርከው የየሺን ውለታ ይሆን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግን ኮሪደሩ በሰው ሞላ። ሌሎቹ ሠራተኞች ለበዓሉ ስለሄዱ የሺ ብቻዋን ነበረች። የክሊኒኩ ባለቤት ብቅ ብሎ አልጋው መቼ እንደሚለቀቅ ጠየቃትና ወጣ። እሷም ሁለተኛውን ሰቀለችና ቱቦው ላይ ያለችውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ከፈተቻት። ጠብታው ጠብታ መሆኑ ቀርቶ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወርድ ጀመር።

"የሺ፣ አልፈጠነም?" አልኳት።

"ቶሎ ይለቅላቸውና ትሄዳላችሁ። ወረፋውን አታዪውም?"

ሄደች፤ ተመልሳም ሳታያቸው ቆየች። አባባ መጀመሪያ ክንዳቸውን እንደበረዳቸው ነገሩኝ። ቀጥሎ ደረቅ ሳል ያዛቸው። "ትራስ ጨምሪልኝ" አሉኝ፣ ጨመርኩላቸው። ጥቂት ቆይተው መተኛት አቃታቸውና ተነስተው እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። ወደ መርፌ ክፍሉ ሄጄ የሺን ጠራኋት። "መጣሁ፣ ብርድ መቷቸው ይሆናል" አለችኝ ሳትዞር። ስመለስ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ደረታቸው ውስጥ አንዳች ነገር ይንተከተካል። መሐረባቸው ላይ የተፉት አረፋ ደም የነካው ይመስል ነበር። ጮህኩ።

የሺ ስትገባ ፊቷ ተለወጠ። ምን እንደሆነ እንደገባት በዚያች ቅጽበት አየሁ። ቱቦውን ዘጋች፣ መርፌውን ነቀለች፣ ጥጥ ለጠፈችበት። ጠርሙሱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ደግፈናቸው ደረጃውን ስንወርድ የክሊኒኩ ባለቤት ክንዷን ይዞ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራት። በያዝነው ኮንትራት ታክሲ ውስጥ ከኋላቸው ሆና ደረቷ ላይ አስደገፈቻቸው፤ "እንዳይተኙ፣ ቀና ብለው ይቀመጡ" ትለኛለች። መንገዱን ሙሉ የእሷን እጅ ይዤ ነበር። አብራን በመሆኗ ፈጣሪን አመሰግን ነበር።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ዶክተር ነው። "ምን ሆነው ነው? ምን ተሰጥቷቸዋል?" አለ።

አፌን ስከፍት የሺ ቀደመችኝ። "ነርስ ነኝ፣ ጎረቤታቸው ነኝ። ቤት እያሉ ማሳል ጀመራቸውና አመጣናቸው። የሳንባ ምች ይመስለኛል።"

"ፈሳሽ ተሰጥቷቸዋል?"

"ምንም።"

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ወደ እሷ ዞሬ አየኋት፤ የሰማሁትን የተናገረችው እሷ መሆኗን ለማረጋገጥ ነው መሰለኝ። አባባ አንገታቸውን ደፍተው አየር ለማግኘት እየታገሉ ነበር።

"ተሰጥቷቸዋል" አልኩ። "ሁለት ግሉኮስ፣ ጨውና ውኃ ያለበት። ሁለተኛው በጣም በፍጥነት ነው የገባው። ልባቸው ታማሚ ነው።"

የሺ እኔን ሳታየኝ ለዶክተሩ "ደንግጣ ነው፣ የምትለውን አታውቅም" አለችው።

ዶክተሩ ሁለታችንንም አየን። ከዚያ የአባባን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበውና ክንዳቸው ላይ የተለጠፈውን ጥጥ አገኘ። ለየሺ አንድም ቃል አልተናገራት። ኦክስጅን አስመጣ፣ የሚያሸና መርፌ ወጋቸው፣ ቀና አድርጎ አስቀመጣቸው። ሊመሽ ሲል ደረታቸው ውስጥ የነበረው መንተክተክ ጋብ አለ። ቀና ብዬ ስፈልጋት የሺ የለችም።

በማግስቱ ዶክተሩ አረፍ ብሎ አስረዳኝ። "ሳላይን መጥፎ ነገር አይደለም" አለኝ። "በተቅማጥ የደረቀን ሰው ከሞት ያወጣል። አባትሽም ያስፈልጋቸው ነበር። ግን መድኃኒት ነው፣ ልክ አለው። ልቡ የደከመ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ጥቂት በጥቂት ነው የሚሰጠው፤ በየመሐሉ ሳንባው ይደመጣል፣ ሽንቱ ይታያል። ከበዛ መሄጃ ያጣና ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጤነኛ የሆነም ሰው መርፌው የገባበት ካበጠ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ይዘጋና ሐኪም ይጠራል።" ሊሄድ ሲነሳ ደግሞ ጨመረ፤ "የሳንባ ምች ነው፣ ምንም አልተሰጣቸውም የሚለውን ብቀበል ኖሮ እኔም ሌላ ፈሳሽ ልጨምርላቸው እችል ነበር።"

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የሺ ነርስ ናት። ዶክተሩ የተረዳውን እሷም ታውቀዋለች።

ከሆስፒታል ስንመለስ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀን። አጥሚት ይዘው የመጡ አንዲት ጎረቤት አጠገቤ ቁጭ ብለው "ልጄ፣ ለሐኪም ሕመም ይደበቃል እንዴ? ልባቸው እንደሚያማቸው ብትናገሪ ምን ነበረበት?" አሉኝ። ወሬው ከማን እንደመጣ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሺ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ነጭ ጋወኗን ታጥባለች። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

"የደበቅኩት እኔ ነኝ?"

ማጠቧን አላቆመችም። "ሥራዬን ባጣ እናቴን ማን ሊይዛት ነው? አንቺ ቢወራብሽ ምንም አይጎድልብሽም። ሰው እንደሆነ ይረሳል።"

"አባባ ቢሞቱስ?"

"አልሞቱም እኮ።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መፍራቷ ይገባኛል፤ ባለቤቱ ጆሮዋ ላይ ምን እንዳላትም እገምታለሁ። በዚያ ወረፋ መሐል ብቻዋን ሆና መሳሳቷንም ያን ጊዜውኑ ይቅር ብያት ነበር። ግን የአባባ ትንፋሽ እየተቋረጠ፣ ሊያድናቸው የሚችለው ሰው ፊት ቆማ እውነቱን ደበቀች። የተናገርኩትን እኔን ደግሞ እንደ እብድ ቆጠረችኝ። በአባባ ቆሎ ያደገችውን ልጅ ፈለግኳት፤ ፊቷ ላይ አልነበረችም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሺና እናቷ ቤት ለቀው ወደ ሳንሱሲ ሄዱ። እስከዚያ ድረስ አባባ ግቢ ውስጥ ሲያገኟት እንደ ድሮው "ደህና ዋልሽ ልጄ" ይሏት ነበር። አንድ ቀን ብስጭቴን መያዝ አቃተኝ።

"አባባ፣ ያደረገችዎትን እያወቁ እንዴት ይችላሉ?"

አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "እኔ ያን ጊዜ ትንፋሼን ነበር የማዳምጠው" አሉኝ። "ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ከሰው ነው የሰማሁት። በጆሮሽ የሰማሽው አንቺ ነሽ። አንቺን እንደ እኔ ሁኚ አልልሽም።"

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ መስቀል አይተው ነው በዚያው በልባቸው ሕመም ያረፉት። ለቅሶው ላይ የሺ መጥታ ከሁላችን በላይ አለቀሰች። አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘች። እጄን አልነጠቅኳትም፤ መልሼም አልያዝኳትም።

ዛሬ እኔም የደም ግፊት አለብኝ። ቤተሰብ ውስጥ ማንም ሰው ፈሳሽ ሲሰጠው አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የሚወስደውን መድኃኒት፣ የቆየ ሕመሙን ሁሉ ለነርሷ እናገራለሁ፤ ጠብታውን እያየሁ፣ ፊቱን እያየሁ እቆያለሁ። ልጆቼ አበዛሽው ይሉኛል። አብዛኞቹ ነርሶች ግን በደስታ ነው የሚሰሙኝ።

የሺ አሁን ጡረታ ወጥታለች። በየበዓሉ ትደውልልኛለች። እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን፣ ልጆች እንጠያየቃለን፣ ጉልበታችንን እንዳመመን እናወራለን። ስለዚያ ቀን እሷም አንስታ አታውቅም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። አንዳንዴ "በይ እንግዲህ" ከማለቷ በፊት ትንሽ ዝም ትላለች። በዚያች ዝምታ ውስጥ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ እይዘዋለሁ። ዕድሜዬ ይህን ያህል ሄዶ አሁንም አንድ ቃል እየጠበቅኩ መሆኔን የማውቀው ያኔ ነው።