ተጠባባቂ አንደኛ

ደብረ ታቦር ውስጥ ስሜ ሰሌዳ ላይ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለተኛ ተራ ላይ። አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ተፈትነን፣ ውጤቱ ሲለጠፍ ከላይ የሌላ ሴት ስም ነበር። ከሥሩ የእኔ፣ ከጎኑ ደግሞ «ተጠባባቂ አንደኛ» ይላል። ከእኔ በታች ማንም ስላልነበረ አንደኛ መባሌ ምን እንደጨመረልኝ ዛሬም አይገባኝም።

ከዚያ በፊት አምስት ቦታ ተፈትኜ ነበር። አንዱም ላይ ስሜ ስላልወጣ ይህችን ሁለተኛ ተራ እንደ ዋዛ አላየኋትም። ከማስታወቂያው ግርጌ፣ ያለፈችው ሴት በዐሥር የሥራ ቀን ውስጥ ቀርባ ካልተመዘገበች ተጠባባቂዋ ትተካለች ይላል። ዐሥሩንም ቀን እዚያው፣ ከበሩ ውጭ፣ ሰሌዳው ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ልጠብቅ ወሰንኩ።

የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ብቻዬን መዋል ከብዶኝ ነበር። አብረውኝ የተመረቁት ሴቶች ገሚሶቹ ባሕር ዳር፣ ገሚሶቹ ባሎቻቸው ዘንድ ገብተዋል። አባቴ ገሳይ በሚባል አገር ገበሬ ነው። በአውቶቡስ ረዳት እጅ በሶ ሲልክልኝ ሁልጊዜ «ሥራ አገኘች ወይ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ማስጠየቁን ተወው። ከጥያቄው ይልቅ ይህ አመመኝ።

ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ ሰው የበሩ ዘበኛ ብቻ ነበሩ፤ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ? ካርታ እንዲያወጡልሽ ልንገራቸው?» ይሉኛል።

እስቃለሁ። ከዚያ እስከ ማታ ድምፄን አልሰማውም።

ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ያቺ ሴት እንዳትመጣ እለምን ነበር። ክፉ እንዲያገኛት አልፈለግኩም። የተሻለ ሥራ ይግጠማት፣ ባሏ ወደ ሩቅ አገር ይዛወር እያልኩ ለፈጣሪ ሰበብ አቀርብለታለሁ። ሲሰለቸኝ ግን «ብቻ አትምጣ» ብዬ እጨርሳለሁ።

ዘጠኝ ቀን አልመጣችም። በዐሥረኛው ቀን ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ዲፕሎማዬን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች ሴት ከዘበኛው ጋር ስትከራከር ሰማሁ።

«ቢላዋ ይዘሽ አትገቢም አልኩሽ!»

«አባቴ፣ አራስ ነኝኮ። ከእብናት ነው የመጣሁ። ያለ ብረት እንዴት ብዬ ልግባ?»

«ማዶ ላሉት እናትሽ ሰጥተሽ ነዪ።»

«ባዶ እጄንማ አልገባም። የባሰ ነገር ቢያገኘኝስ?»

አራስ ሴት የልጇ ክርስትና ሳይደርስ ከቤት ከወጣች ብረት ከእጇ አይለይም። ሽማግሌውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ቢላዋ ማሳለፍ ግን አይችሉም። ማዶ፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ፣ እናቷ ሕፃኑን ታቅፈው ያያሉ። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር አወቅኋት። በፈተናው ቀን ሆዷ ገፍቶ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ ስሟ ሲጠራ ሰምቻለሁ፣ ሰሌዳው ላይ ከእኔ በላይ ያለው ነው። እኔ ከኋላ ስለነበርኩ እሷ አላየችኝም።

ዝም ማለት ይበቃኝ ነበር። መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም፤ ትንሽ ቢከራከሩ ቢሮው ይዘጋል፣ ሥራው የእኔ ይሆናል። ዝም አልኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ይህን ብደብቅ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። ከዚያ ነጠላዋን ስታስተካክል ወተቷ ፈስሶ ቀሚሷን ከደረቷ በታች እንዳራሰው አየሁ። እሷ አላወቀችም፤ ደብዳቤዋን ለሽማግሌው ታሳያለች። ተነሣሁ። ደግ ስለሆንኩ አይመስለኝም፤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

የክፍሌን ቁልፍ አወጣሁ፤ የድሮ፣ ከባድ የብረት ቁልፍ።

«ይኼም ብረት ነው፤ ያዢው» አልኳት። «አባባ፣ ቁልፍስ ይከለከላል?»

ሽማግሌው ቁልፉን አዩ፣ እኔን አዩ። ለምን እዚያ እንደምውል ያውቃሉ። «አይከለከልም» አሉ ቀስ ብለው። እሷም ቢላዋዋን በመሐረብ ጠቅልላ ሰጥታኝ ገባች። እስክትወጣ ድረስ ሽማግሌው አልቀለዱብኝም።

ስትወጣ ፊቷ ፈክቷል።

«ተመዘገብኩ! ሥራውን ከክርስትናው በኋላ ትጀምሪያለሽ አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» ቁልፌን መለሰችልኝ፤ በላቧ ርሷል። እኔም ቢላዋዋን ሰጠኋት። «እዚህ ነው የምትሠሪ?»

ዘበኛው ቀና አሉ። ቢናገሩብኝ ብዬ ፈራሁ፤ መልሰው ወደ በሩ ዞሩ።

«አዎ» አልኳት።

«እሰይ! እንግዲያ ስመጣ አንቺን ነው የምፈልግ። እዚህ ከተማ ሌላ የማውቀው ሰው የለኝም።»

«እሺ» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አላለፍኩም፤ ገበያ እንኳ ስሄድ ዞሬ ነው። ሥራ ጀምራ፣ ቢሮ ለቢሮ እየዞረች ስትጠይቅ ይታየኝ ነበር። በዚያ ከተማ በኖርኩበት ዘመን የፈለገኝ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ተደበቅኋት።