ባህሩ ዳር ያልተጨረሰው ቀሚስ

እትዬ ቶሎ ለጉብኝት ከተሰጣት ሠላሳ ቀን ሃያ ሰባቱን ጨርሳለች። ባህሩን ግን እስካሁን ያየችው ከታናሽ እህቷ የማድ ቤት መስኮት ብቻ ነው። በሁለት ፎቆች መካከል ከአንድ ዚፕ የማይሰፋ ሰማያዊ መስመር ይታያል። ጠዋት ስትነሳ ፊቷን ወደዚያ አዙራ ትጸልያለች። "ይህን ያሳየኸኝ አምላክ ተመስገን" ትልና ወደ ስፌቷ ትሮጣለች።

ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። አገሯ ባለው አንድ በር ሱቅ ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ከአፏ የማይጠፋው ቃል "ቶሎ" ነበር። ቶሎ ቁሚ፣ ቶሎ ዙሪ፣ እጅህን ቶሎ ዘርጋ! ልኩን ደብተሯ ላይ ካሰፈረች በኋላ ሰውየውን ቀና ብላ አታየውም። ይህን የምለው የእኔንም ሱሪዎች እሷ ስለሰፋቻቸው ነው። ክፉ ሆና አይደለም፤ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ኃጢአት ይመስላታል። አባታቸው በጊዜ ስለሞተ ታናሿን ሚጡን ያሳደገችው፣ ያስተማረችውም በዚያው መርፌ ነው።

ሚጡ ከአገር ከወጣች አስራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታነሳለች፣ ታስተኛለች። በደወለች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ "እትዬ፣ አንድ ቀን ትመጪና ባህሩ ዳር ቁጭ እንላለን። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ዘንድሮ ቲኬቱን ላከችላት። እትዬ ቶሎም ባዶ እጇን አልሄደችም፤ የሚያምር የአበባ ጨርቅ መርጣ ለሚጡ ቀሚስ ሰፍታ ይዛ ሄደች። ልኩን ያገኘችው ከድሮው ደብተሯ ነው። ደውላ "ስንት ሆንሽ?" ብላ መጠየቅ አልታያትም፤ ደብተር ላይ የተጻፈ ልክ ለእሷ እንደ መሐላ የማይለወጥ ነው። ሚጡ ግን በሥራ ብዛት ቀጥናለች። በመጀመሪያው ቀን ቀሚሱን አጥልቃ መስታወት ፊት ቆመችና በሳቅ ፍርስ አለች።

"እትዬ፣ ነይ አንቺም ግቢ። ለሁለታችን ይበቃል!"

"አውልቂው፣ ቶሎ! ነገ አስተካክለዋለሁ።"

ሚጡ እህቷን ደስ ይላታል ብላ ሰው የተገለገለበት የልብስ ስፌት መኪና ገዝታ አስቀምጣላት ነበር። ጥፋቱ የተጀመረው ከዚያ ነው። ቀሚሱን ማስተካከል ከመጀመሯ በፊት፣ ምድር ቤት የሚኖሩት አሮጊት የመኪናውን ድምፅ ሰምተው መጋረጃ ይዘው ወጡ። በማግስቱ የአውቶቡስ ሹፌሩ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ይዞ መጣ። ከዚያ የሹፌሩ ሚስት፣ ከዚያ የሚስቱ እህት። ቋንቋቸውን አታውቅም፤ እነሱ በጣታቸው ያሳያሉ፣ እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች። እምቢ ማለት አልሆነላትም። በሄደችበት ሁሉ ሥራ የሚሰጣትን አምላክ እያመሰገነች ቀኑን ትጨርሰዋለች። ቀሚሱ በፌስታል እንደተጠቀለለ ወንበር ላይ ቀረ።

ሦስት ቀን ሲቀራት ሚጡ አንድ የዕረፍት ቀን አገኘች። ጠዋት ምንጣፍና ሁለት ባርኔጣ ይዛ በር ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ ተነሺ። ዛሬ የእኛ ቀን ነው።"

"አንድ ሰዓት ብቻ ስጪኝ። ይቺን ዚፕ ልቀይርና።"

ሚጡ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚፑ በኋላ ኮሌታ መጣ። ከኮሌታው በኋላ የሹፌሩ ሚስት በሩን አንኳኳች። እትዬ ቶሎ በየመሀሉ ቀና እያለች "መጣሁ፣ መጣሁ" ትላለች፣ እግሯ ግን ከመኪናው ፔዳል አይላቀቅም። ራሷም እየተቁነጠነጠች ነበር፤ ልቧ ባህሩ ጋ፣ እጇ ጨርቁ ላይ። ሰዓቱን ስታየው ዘጠኝ አልፏል፤ ሚጡ ባርኔጣውን አድርጋ እንደተቀመጠች ናት።

"በይ እንሂድ" አለች እትዬ ቶሎ ብድግ ብላ።

"አይ፣ ተይው። ለማምሻው ፈረቃ ሰው ጎድሎ ደውለውልኛል። ከመግባቴ በፊት ትንሽ ልተኛ።"

"ምነው ሚጡዬ! የሰው አደራ እኮ ነው። ልብስ በትኜ ልሂድ?"

"የሰው አደራ!" ሚጡ ባርኔጣዋን አውልቃ ወረወረችው። "እኔስ የማን አደራ ነኝ? አስራ አንድ ዓመት ብቻዬን የተቀመጥኩበትን ቦታ ላሳይሽ ነበር የፈለግሁት። እማዬ አረፈች ብለሽ የነገርሽኝ ቀን የተቀመጥኩበትን። አንቺ የማታውቂውን ሰው ሱሪ ትጠግኛለሽ።"

እትዬ ቶሎ መርፌዋን እንደ ልማዷ ኮሌታዋ ላይ ሰክታ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ጊዜ ተሰልቶ ያለቀ ነበር። በማግስቱ ሚጡ ቀኑን ሙሉ ሥራ ናት። ከዚያ የሚቀጥለው ቀን የመሄጃዋ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት አለባቸው። ያልተነካ ጊዜ ቢኖር ንጋቱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሚጡ በሩን ዘግታ ስትወጣ እትዬ ቶሎ ቤቱ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ተንጎራደደች። ጸለየች፣ ግን ቃሉ አልያያዝ አላት። የተከመረውን ልብስ አየችው። ከዚያ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ያለቀውንም ያላለቀውንም አንድ ላይ አጣጥፋ በየቤቱ እያንኳኳች መለሰች። የሹፌሩ ሚስት አንድ እግሩ ብቻ የታጠፈ ሱሪ ተቀብላ አፏን ከፍታ አየቻት። እትዬ ቶሎ በጣቷ ወደ ባህሩ አቅጣጫ አሳየች፣ ከዚያ ደረቷን ነካች። ሴትየዋ ሳቀችና እጇን ጨበጠቻት።

ራሷን ስለማታምን መኪናውንም ተሸክማ ምድር ቤት ወረደችና የአሮጊቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። "ደብቁልኝ፣ እማማ። ለምኜዎት እንኳ እንዳይሰጡኝ" አለች በራሷ ቋንቋ። አሮጊቷ ምን እንደገባቸው እንጃ፣ የጠረጴዛ ልብስ አለበሱት።

ቤት ተመልሳ ፌስታሉን ስታይ ነው ክው ያለችው። ቀሚሱ አልተስተካከለም፤ መኪናው ወርዷል። ተመልሳ መጠየቅ አሳፈራት። የሁለቱንም ጎን ስፌት ተረተረችው። ሚጡ ከሥራ ስትገባ ሜትሯን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

"ቁሚልኝ" አለች። ቶሎ አላለችም።

ሚጡ ደክሟት ነበር፣ ግን ቆመች። እትዬ ቶሎ የእህቷን ወገብ ለካች። የትከሻዋን አጥንት፣ በክሎሪን የተላጠውን እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው። ደብተር አላወጣችም። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁለቱን ጎን በነጭ ክር፣ ሰፋ ሰፋ ባለ የእጅ ስፌት ለጊዜው ያዝ ያዝ አደረገችው።

"ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ትለብሽዋለሽ" አለቻት። "ባህሩ ጋ።"

ሚጡ ባዶውን ጠረጴዛ አይታ "መኪናውስ?" አለች።

"ታስሯል።"

ንጋት ላይ ባህሩ ዳር ማንም አልነበረም። ሚጡ ጫፉ የተሸረፈ ትልቅ ድንጋይ አሳየቻት፤ "እዚህ ነው" አለች። ሁለቱም ተቀመጡ። እትዬ ቶሎ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ይሄዳል፤ አራት ሰዓት እየመጣ ነው። እጇ ሥራ መፍታት አልቻለም፣ የምንጣፉን ዘርፍ ይጎነጉናል።

"እትዬ።"

"አቤት።"

"ተነሺ፣ እንግባ።"

ተያይዘው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እትዬ ቶሎ "አንተ ጌታ!" ብላ ጮኸች። ወዲያው ትልቅ ማዕበል መጣ። ሁለቱንም እስከ ወገባቸው መታቸው፣ ሲመለስም የቀሚሱን ጫፍ ይዞ ሄደ። ነጩ ክር ከላይ እስከ ታች ትርትር አለ፤ ቀሚሱ በሁለቱም ጎን እንደ መጋረጃ ተከፈተ።

"እትዬ! አራቆትሽኝ እኮ!"

የእትዬ ቶሎ እጅ ወደ ኮሌታዋ ሮጠ። መርፌው ሊመዘዝ ሲል ሚጡ እጇን ያዘችው።

"ተይው በቃ። ያዢኝ ብቻ።"

እትዬ ቶሎ መርፌውን ተወችው። የተንሳፈፈውን ጨርቅ ሰብስባ፣ እህቷን ከነቀሚሱ አቀፈቻት፤ ጨርቁ ሁለቱንም ጠቀለላቸው።

"አላልኩሽም?" አለች ሚጡ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። "ለሁለታችን ይበቃል።"

ስንት ደቂቃ እንደቆሙ ስጠይቃት አታውቅም። ሰዓቷን አላየችም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሄዱት ጸጉራቸው ሳይደርቅ ነው።

አሁን ሱቋ ውስጥ ናት፤ እንደ ድሮው "ቶሎ ዙሪ" ትላለች። ቀሚሱን ግን ይዛ አልተመለሰችም። ሚጡን ለሌላ ልብስ ሰፊ ስጪው ብላ ብትለምናትም እምቢ ትላለች፤ "ክሩን ማንም አይነካውም፣ መጥተሽ ትጨርሺዋለሽ" ትላታለች በስልክ። ባለፈው ሳምንት እትዬ ቶሎ ሱሪዬን ልትለካ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

"ከስተሃል" አለችኝ። "ምን ሆነህ ነው?"