ባዶው አድራሻ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ እዚሁ ቶሮንቶ ነው። እኔ ሕልም አልፈታ፣ ጠንቋይ አልሰማ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ። ይሄን ግን ባሰብኩት ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ያኔ በስደት የተጠፋፉ ዘመዳሞች የሚፈላለጉበት ዌብሳይት ሠርቼ ነበር። የአንድ ሰው ስምና አድራሻ የሚወጣበትን መስመር አንዴ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ሉፕ የምንለው ትእዛዝ በየሰዉ እየዞረ ዝርዝሩን ይሞላዋል።

በከፈትኩት በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኢስት ዮርክ የሚኖሩት እትዬ ብርቄ ደወሉልኝ። ሱዳን ላይ የተለያቸውን ወንድማቸውን ደምሴን ሲፈልጉ ያረጁ ሴት ናቸው።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ! ደምሴ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ነው ይላል ያንቺ ኮምፒውተር። መሄዴ ነው!» ብለው ዘጉት።

ደንግጬ ቼክ አደረግኩ። ደምሴን ያስመዘገቡት ራሳቸው ናቸው፤ አድራሻው ባዶ ነው። ሉፑ ባዶ ሲያጋጥመው ከበላዩ የተመዘገበውን የታደለ የሚባል ሰው አድራሻ ወስዶ ደምሴ ላይ ለጥፎታል። ወይ ጉዴ! መልሼ ብደውል የሚያነሳ የለም። እኚያ ሴትዮ በሰው ደጅ ተስፋቸው ሲቆረጥ ታየኝና መኪናዬን አስነስቼ በረርኩ።

በሩን የከፈተልኝ ታደለ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ግቢ» አለኝ ብቻ።

ሶፋው ላይ እትዬ ብርቄ የአንድ ሽበታም ሰውዬ ፊት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ደምሴ ነበር። የሁለቱም እንባ ይወርዳል።

«እዚህ መኖር ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» አልኩት ታደለን ቀስ ብዬ።

«ትናንት ነው የመጣው። ለሥራ ከዊኒፔግ መጥቶ አንዱን ሩም አከራየሁት። ከዚያ በፊት አይቼውም አላውቅም።»

ዝርዝሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ነው ሲል ሰንብቷል። በሩ ስር ቁጭ አልኩ።

እትዬ ብርቄ ቀና ብለው «ምነው ልጄ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? «አዎ» አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ላስተካክለው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ከደምሴ በታች ሉፑ አድራሻ የሰጣቸው ብዙ የጠፉ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ግን አስተካከልኩት፤ የውሸት አድራሻ ሰው ያንከራትታል። የጠፉት ሁሉ አድራሻ ባዶ ሆነ።

ትክክል ነው የሠራሁት። ዛሬም ግን የነዚያ ሰዎች ስም ትዝ ሲለኝ፣ ስንቱን እንደ ደምሴ ሊገኝ ከነበረበት አጠፋሁት ይሆን እያልኩ እፈራለሁ።