መሬት ላይ የተኛች አራስ

እናቴ ሰይጣን ያዘሽ ያለችኝ ወገቤን ከመሬት አንስቼ ስተነፍስ አግኝታኝ ነው። አሁን ሳስበው ሊያስቀኝ ይገባ ነበር፤ አያስቀኝም።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በደርግ ጊዜ፣ ባሌ ሰሜን ግንባር ሳለ ነው። ቤታችን የካ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር ነበር። ምጡ ከባድ ቢሆንም ልጅቷ በሰላም መጣች፤ እኔ ግን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። የዳሌዬ አጥንት ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስል፣ ጎኔን ላዙር ስል ዓይኔ ይጨልማል። ልጄ ስታለቅስ እናቴ አንስታ ደረቴ ላይ ታደርግልኛለች፣ ስትጠግብ ትወስድብኛለች። ልጄን በገዛ እጄ አንስቼ አላውቅም። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩትም።

ወጌሻ መጥቶ ቅቤ ቀብቶ ቢጎትተኝ ጭራሽ ባሰብኝ። እናቴም ሆዴን በመቀነት ጠፍራ አሰረችው። የቤቱ ሰው ሲጨንቀው ሐኪም ቤት ትሂድ ተባለ። ጎረምሳው ሁሉ ዘምቶ ስለነበር በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ያወረዱኝ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሬሳ መስዬአቸው ዳር ይዘው ቆሙ፤ አንዷማ ደረቷን መታች። አልሞትኩም፣ ሂጂ ወደዚያ አልኳት።

ሐኪም ቤት ያየችኝ ከግንባር የመጡ ቁስለኞችን መራመድ የምታለማምድ ሴት ነበረች። መጀመሪያ መቀነቱን ፈታችው። ከዚያ በጀርባዬ አስተኝታ፣ ጉልበቴን አሳጥፋ፣ «ቀስ ብለሽ አየሩን አስወጪ፤ ሆድሽን ወደ ውስጥ ሳቢ፤ አሁን ወገብሽን ትንሽ አንሺ» አለችኝ። ከመኝታ ስነሳም በጎኔ ዞሬ በክንዴ እንድገፋ አሳየችኝ። «የቤትሽ አልጋ ይሰምጣል፤ መሬት ላይ ሥሪው። ካልታከትሽ ልጅሽን ታነሻታለሽ» አለችኝ። ያቺን «ታነሻታለሽ» ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እናቴ ውጭ ትጠብቅ ስለነበር ይህን አላየችም። ስፖርት ታዘዘልኝ ስላት «አራስና ስፖርት» ብላ ሳቀች። ለእሷ ስፖርት ማለት ጃንሜዳ ኳስ የሚራገጡ ወንዶች ናቸው።

አራስ ብቻዋን አትተውም። አንድ ቀን ግን ቀበሌ ሱቅ ሳሙና መጣ ሲባል እናቴ ሹልክ ብላ ሄደች። እኔም ይህን ጊዜ ነው ብዬ፣ እንደ ምንም ከአልጋው ወርጄ ሰሌኑ ላይ ተኛሁ። ስትመለስ ጉልበቴን አጥፌ፣ ወገቤን አንስቼ፣ ላብ አጥምቆኝ እፍ እፍ ስል አገኘችኝ። ሳሙናው ከእጇ ወደቀ። «ብቻዋን ትቼያት ሰይጣን ለከፋት» አለች። ጥፋቱ የራሷ ስለመሰላት ማንም ሊያስተዋት አልቻለም። ሐኪሟ ያዘዘችው ነው ብላት «መርፌ የማታዝ ምን ሐኪም ናት?» አለችኝ።

አራስ ስለሆንኩ ጠበል ቦታ መውጣት አልችልም። ስለዚህ ጠበሉን ከእንጦጦ በጄሪካን እያስወረደች ጠዋት ጠዋት ታፈስብኝ ጀመር። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይገባል። መቀነቱም ተመልሶ ታሰረ። ይህ ሁሉ ይሁን፤ ልጄን ግን ወሰደችብኝ። ሰይጣኑ በወተቴ እንዳይተላለፍባት ፈርታ፣ ማዶ ክፍል አስተኝታ፣ በጡጦ የላም ወተት ትሰጣት ጀመረች። «እስኪለቅሽ ነው» ትለኛለች። ስፖርቱን ካልሠራሁ ልጄን አላነሳትም፤ ከሠራሁ ደግሞ አትሰጠኝም። ጡቴ አብጦ ቀሚሴን ያርሳል፣ ልጄ ከግድግዳው ወዲያ ታለቅሳለች። ምነው ያኔውኑ ምጡ በገደለኝ እል ነበር። እናቴን ጠላኋት። እሷም ከበሩ መጋረጃ ወዲያ ስታለቅስ ይሰማኛል።

አንድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መቅረት የሚባል ነገር የለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሄደ። እናቴም ልጅቷን አስተኝታ፣ ስሟ ሲጠራ አቤት ብላ ልትመለስ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ልጄ ነቃች። መጀመሪያ የርሃብ ለቅሶ ነበር፤ ቀጥሎ የንዴት ሆነ፤ በኋላ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። በጎኔ ዞርኩ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ በክንዴ ገፋሁ። ወረድኩ። የማዶ ክፍሉን የበር ደፍ እየተራገምኩ እየዳህኩ ተሻገርኩት። ምንጣፍ ላይ ነበረች። ላነሳት ስል ዳሌዬ ከዳኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልሆነም። በቃ እኔው ጎኗ ተጋደምኩ። መቀነቱን ፈትቼ ወረወርኩና ጡቴን አጎረስኳት። እንቢ ብላ ፊቷን አዞረች፤ ቆይታ ያዘች።

እናቴ ስትገባ እንደዚያው ነበርን። ልትወስዳት ነው ብዬ ልጅቷን በክንዴ ከለልኳት። እሷ ግን ነጠላዋን ሳታወርድ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አየችን።

«ሰይጣን ልጅ አያጠባም» አለች፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «በይ አሳዪኝ፤ እንዴት ነው የምትተነፍሺው?» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷው እያወረደችኝ እሠራ ነበር። ለክርስትናው ግን ልጄን አቅፌ ለመራመድ አልደረስኩም። ልጄን እናቴ አቅፋት፣ ዘመድ አጅቧት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ የበሩን መቃን ይዤ ሸኘኋቸው። ቆመሽ መሸኘትሽ ራሱ ተመስገን ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቆሜ ነበር። እጄ ግን ባዶ ነበር።